ባቄላው እምቢ ሲል፦ በወሎ ደጋ አሲዳማ አፈርን መመርመርና ማከም

«ማዳበሪያውን ሰጠሁት፤ ምርጥ ዘሩንም ዘራሁ፤ ዝናቡም አልቀረብኝም። ገብሱ ግን ከጉልበቴ አላለፈም።»

ይህን ቃል ከአቀስታ ገበያ እስከ ጉጉፍቱ ደጋ፣ ከኩታበር እስከ መካነ ሰላም መንገድ እሰማዋለሁ። አባባሉ ይለያያል እንጂ ነገሩ አንድ ነው። አንዱ «መሬቱ ደከመ» ይላል። ሌላው «አፈሩ ማዳበሪያ ይበላል፣ አይጠግብም» ይላል። ባቄላን ከነጭራሹ የተዉም አሉ። «እዚህ ማሳ ላይ ባቄላ ድሮ ቀረ» ብለው አጃ ይዘሩበታል።

ብዙውን ጊዜ የዚህ ሁሉ ምክንያት የአፈሩ አሲዳማነት ነው። በአገራችን ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ያህሉ በአሲዳማነት የተጠቃ መሆኑ በተደጋጋሚ ይነገራል። መድኃኒቱም ይታወቃል፤ ኖራ ነው። ግን ኖራ ብቻውን አያድንም። ሳይለኩ የበተኑት ኖራ ገንዘብ ያባክናል። በትነውት ሲያበቁ መሬቱን እንደ ድሮው ካረሱት ደግሞ ከጥቂት ዓመት በኋላ እዚያው ይመልሳል። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከኖራው አይጀምርም፤ ከባቄላው ሥር ይጀምራል።

አፈሩ እንዴት ይጎመዝዛል?

ፒኤች የሚባለው መለኪያ ከ0 እስከ 14 ይሄዳል። 7 መሃሉ ነው። ከዚያ በታች አሲድ፣ ከዚያ በላይ አልካሊ ወደሚባለው የአሲድ ተቃራኒ ያደላል። ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ የሚጨምረው በአንድ በአንድ አይደለም። ፒኤች 5 የሆነ አፈር ፒኤች 6 ከሆነው አሥር እጥፍ አሲዳማ ነው። ከ5.5 በታች ሲወርድ በአፈሩ ውስጥ ያለው አልሙኒየም ይሟሟና ሥርን ይመርዛል። በዚያ ላይ አልሙኒየምና ብረት ፎስፈረሱን አንቀው ይይዙታል። «ይበላል አይጠግብም» የሚባለው ይኸው ነው። ማዳበሪያው አልጠፋም፤ ከአፈሩ ጋር ታስሮ ቀርቷል።

የደጋው ዝናብ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን እያጠበ ወደ ታች ይወስደዋል። ይህ የተፈጥሮ ነው፤ አናስቆመውም። የእኛ ድርሻ ሌላ ነው። ገብሱን ስናጭድ እህሉንም ገለባውንም እንወስዳለን። ገለባው ለከብት ይሰጣል፤ የከብቱ እበት ኩበት ሆኖ ይነዳል። አመዱ ደግሞ በር ላይ ይደፋል። እንግዲህ አስቡት፤ ማሳው ላይ የነበረው ካልሲየም በጭድ ወጥቶ፣ በኩበት ምድጃ ገብቶ፣ በአመድ ደጅ ላይ ቀረ። ወደ ማሳው የሚመለስ የለም። ይህ እናቶቻችን ላይ የሚጣል ወቀሳ አይደለም። እንጨት በሌለበት ደጋ ኩበት ካልነደደ እንጀራ አይጋገርም። ግን ሒሳቡን ማወቅ አለብን።

ዩሪያም ድርሻ አለው። 100 ኪሎ ዩሪያ የሚያመጣውን አሲድ ለማካካስ 80 ኪሎ ገደማ ኖራ ያስፈልጋል። ስለዚህ ዩሪያ ይቅር ማለቴ አይደለም፤ ያለ ናይትሮጂን ምርት የለም። ለዓመታት ዩሪያ ብቻ እየሰጡ ምንም አለመመለስ ነው የሚጎዳው።

አንደኛ፦ ሥሩን ነቅላችሁ እዩ

ላቦራቶሪ ከመሄዳችሁ በፊት ማሳው ራሱ ይናገራል። ባቄላ ሲያብብ፣ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም፣ ከተለያየ ቦታ አምስት ስድስት እግር ምረጡ። በእጅ አትጎትቱ፤ እብጠቶቹ አፈር ውስጥ ተቆርጠው ይቀራሉ። ዙሪያውን በዶማ ቆፍራችሁ ከነአፈሩ አንሱት። ከዚያ ባልዲ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ቀስ ብላችሁ አራግፉት።

ጤነኛ የባቄላ ሥር ላይ የምስር ፍሬ የሚያካክሉ እብጠቶች በዘለላ ተጣብቀው ታያላችሁ። አንዱን በጥፍራችሁ ሰንጥቁት። ውስጡ ሥጋ የሚመስል ሮዝ ወይም ቀላ ያለ ከሆነ እብጠቱ ውስጥ የሚኖረው ባክቴሪያ ሥራ ላይ ነው፤ ከአየር ናይትሮጂን እየወሰደ ባቄላውን ይመግባል። ውስጡ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ሥራ ፈት ነው። እብጠት ጭራሹን ከሌለ፣ ወይም እዚህም እዚያም ጥቂት ብቻ ካለ፣ አሲዱን ጠርጥሩ። ይህ ባክቴሪያ አሲድ አይወድም።

ገብሱንም እንዲሁ አድርጉት። አልሙኒየም የጎዳው ሥር አጭር፣ ወፍራምና ቡናማ ይሆናል። ጫፉ የተቆረጠ ይመስላል። የፀጉር ያህል ቀጫጭን የሆኑት ቅርንጫፎቹ የሉም። ቅጠሉ ወደ ሐምራዊ ካደላ ፎስፈረስ አጥቷል ማለት ነው። አንድ አጎቴ ይህን ሥር ሲያይ «ጣቶቹ የተቆረጡ እጅ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ በሌላ ቃል ልገልጸው አልቻልኩም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የባቄላ መቀጨጭ ሁሉ አሲድ አይደለም። ውሃ የሚቋጥር ማሳ ላይ ሥሩ ይበሰብሳል። ቸኮሌት ስፖት የሚባለው በሽታ ቅጠሉን ያነድደዋል። ሥሩ ንጹሕና ብዙ፣ እብጠቱም ቀላ ያለ ሆኖ ተክሉ ግን ከታመመ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው።

ሁለተኛ፦ የማይነካውን ለዩ

ወሎ አንድ ዓይነት አፈር የለውም። የጃማና የወረኢሉ ጥቁር መረሬ በአብዛኛው ለመሃል የቀረበ ነው። እዚያ ያለው ችግር ውሃ መቋጠር ነው፤ መድኃኒቱ ኖራ ሳይሆን ውሃ የሚያስወጣ ቦይና መደብ ነው። የቆቦና የቃሉ ሜዳም ኖራ አይፈልግም። አሲዳማነት የሚጠረጠረው ዝናብ የሚበዛበት፣ ለረዥም ዘመን የታረሰ፣ ተዳፋት የሆነ ቀይ ወይም ቡናማ ደጋ ላይ ነው።

እዚያም ቢሆን አንዱ ማሳ ከሌላው ይለያል። ከቤት አጠገብ ያለው፣ አመድና ፍግ ሲደፋበት የኖረው ጓሮ፣ ደህና ሊሆን ይችላል። ሩቁ ማሳ፣ ፍግ ሸክሙ አስቸጋሪ ሆኖ ያልደረሰው፣ ተጎድቷል። ስለዚህ «የእኛ ቀበሌ አሲዳማ ነው» በሚል ወሬ ብቻ ማንም ኖራ አይግዛ።

ሦስተኛ፦ ናሙና አወሳሰድ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ላቦራቶሪው የሚመረምረው ጥቂት ግራም አፈር ነው። ያ ጥቂት ግራም ማሳውን ካልወከለ ውጤቱ ውሸት ነው።

ጥሩው ጊዜ ከአጨዳ በኋላ ታህሳስና ጥር ነው። ማዳበሪያ በቅርቡ ካልገባበት፣ ጭቃም ካልሆነ ይመቻል።

ማሳውን በዓይነቱ ክፈሉት። ላይኛው ተዳፋትና ታችኛው ሜዳ ለየብቻ ናቸው። ቀዩና ጥቁሩም ለየብቻ። ከባህር ዛፍ አጠገብ ያለው ጫፍ ከሌላው ጋር አይደባለቅ።

ለእያንዳንዱ ክፍል ከ10 እስከ 15 ቦታ ትቆፍራላችሁ። እባብ እንደሚሄድ እየተጠማዘዛችሁ ሂዱ እንጂ በአንድ መስመር አትሂዱ። አውድማ የነበረበትን፣ ፍግ የተከመረበትን፣ ከብት ያደረበትን፣ የምስጥ ኩይሳን፣ የእርከን ጠርዝንና የዛፍ ሥርን እለፏቸው።

እያንዳንዱ ቦታ ላይ ገለባውን ጥረጉና 20 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍሩ። የአካፋ ርዝመት ገምታችሁ አትቁረጡ፤ እንጨት ላይ ምልክት አድርጉና ለኩ። ከጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ከላይ እስከ ታች እኩል ውፍረት ያለው ቁራጭ በአካፋ ሸርፉ። ከላይ ብቻ ከተወሰደ ውጤቱ ይዛባል፤ የላይኛው አፈር ከታችኛው ይለያልና።

ሁሉንም ንጹሕ ፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ ጨምሩ። ማዳበሪያ ወይም ኖራ የያዘ ከረጢት አትጠቀሙ። አንድ ጭብጥ የተረፈ ማዳበሪያ ሁሉን ያበላሸዋል። ጓሉን ሰባብራችሁ አዋህዱት። ክብ አድርጋችሁ ዘርጉና እንደ ድፎ ዳቦ ለአራት ክፈሉት። ተቃራኒ ሁለቱን ጣሉ፤ የቀረውን ደግሞ አዋህዱ። አንድ ኪሎ እስኪቀር ድረስ ይህንኑ ድገሙ።

ጥላ ውስጥ አድርቁት፤ ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ አይሁን። ከዚያ ስም፣ ቀበሌ፣ የማሳው መጠሪያ፣ ቀን፣ ባለፈው ዓመት የተዘራውና የተሰጠው ማዳበሪያ የተጻፈበት ወረቀት በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ጨምሩበት። እርሳስ ተጠቀሙ፤ እስክሪብቶ እርጥበት ሲያገኘው ይፈስሳል።

ደሴ ላይ የአፈር ምርመራ ላቦራቶሪ አለ። በራስ ከመሄድ ይልቅ የቀበሌውን የልማት ሠራተኛ አነጋግሩ። የብዙ ገበሬ ናሙና በአንድ ቢላክ መንገዱም ወጪውም ይቀላል። ስታስገቡ ሁለት ነገር ጠይቁ፤ ፒኤችና ተለዋጭ አሲድነት (በአፈሩ ቅንጣት ላይ ተይዞ ያለው አሲድና አልሙኒየም)። ሁለተኛውን ብዙ ሰው አይጠይቅም። ፒኤች አሲድ መኖሩን ይነግራችኋል፤ ምን ያህል ኖራ እንደሚያሻ የሚነግራችሁ ግን ተለዋጭ አሲድነቱ ነው።

አራተኛ፦ ሒሳቡ

ወረቀቱ ሲመጣ ፒኤቹ በውሃ ነው ወይስ በፖታሲየም ክሎራይድ የተለካው ብላችሁ ጠይቁ። በኋለኛው የተለካ ቁጥር ዝቅ ብሎ ይወጣል። ሁለቱን ያደባለቀ ሰው ያለ ምክንያት ይደነግጣል። በውሃ የተለካው ከ5.5 በላይ ከሆነ ለኖራ አትቸኩሉ፤ ኮምፖስትና የሰብል ፈረቃ ይበቃ ይሆናል። ከ5.5 በታች ከሆነ ወደሚቀጥለው እንሂድ።

ተለዋጭ አሲድነቱ በኪሎ አፈር 2 ሳንቲሞል (ላቦራቶሪው አሲዱን የሚለካበት አሃድ ነው) ወጣ እንበል። 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለውን፣ ክብደቱ በሊትር 1.2 ኪሎ የሆነውን አፈር ለማከም አንድ ሄክታር 1800 ኪሎ ንጹሕ ኖራ ይፈልጋል። ኖራ ማሳ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ስለማይደባለቅ በ1.5 ይባዛል። 2700 ኪሎ ይሆናል።

ለማስታወስ የሚቀልለው እንዲህ ነው፤ ለእያንዳንዱ አንድ ሳንቲሞል 1350 ኪሎ በሄክታር። ወረቀቱ 1.2 ካለ 1620 ኪሎ፣ 3 ካለ 4050 ኪሎ ማለት ነው።

ጥማዳችሁ ሩብ ሄክታር ከሆነ 2700ውን ለአራት አካፍሉት። 675 ኪሎ ይመጣል። የገዛችሁት ኖራ ንጽሕናው 90 በመቶ ከሆነ ደግሞ 675ን ለ0.9 አካፍሉ። 750 ኪሎ ሆነ። በ50 ኪሎ ከረጢት 15 ከረጢት ነው። ይህን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ኪሳችሁ ያዙት። ሻጭ ፊት ቆሞ ማስላት አይመችም።

«ትንሽ ጨመር ባደርግስ?» የሚል አይጠፋም። አታድርጉ። ኖራ ሲበዛ ዚንክ፣ ብረት፣ ማንጋኒዝና ቦሮን ለተክሉ ይጠፉበታል። የሚፈለገው ፒኤች ከ5.5 እስከ 6 ነው። 7 ለማድረስ መሮጥ የለም።

አምስተኛ፦ ኖራውን ፈትናችሁ ግዙ

ለእርሻ የሚሆነው የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው። ቤት የሚለሰንበት የተቃጠለ ኖራ ሌላ ነገር ነው። እጅ ያቃጥላል፤ ጉልበቱም ይበልጣልና በዚህ ሒሳብ ከተበተነ ማሳውን ይጎዳዋል።

ሁለት ቀላል ፈተና አለ። አንደኛው ሎሚ ነው። ትንሽ ዱቄት ሳህን ላይ አድርጋችሁ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ጠብ አድርጉበት። ወዲያው ከፈላና አረፋ ካወጣ ኖራ ነው። ዝም ካለ ተራ የድንጋይ ዱቄት ሊሆን ይችላል። ማግኒዚየም ያለበት ዶሎማይት ግን ቀስ ብሎ ነው የሚፈላው፤ ትንሽ ታገሡት።

ሁለተኛው ጣት ነው። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል አሹት። እንደ ተነፋ የጤፍ ዱቄት ልስልስ ማለት አለበት። እኔ መጀመሪያ ጊዜ የገዛሁት እንደ ስኳር የሻከረ ነበር። «ኖራ ኖራ ነው» ተብዬ ተቀበልኩት። በሁለተኛው ዓመት ሳርስ ፍሬ ፍሬው ነጭ ሆኖ አፈሩ ውስጥ እንዳለ አገኘሁት። አልሟሟም። ድካሙም ገንዘቡም ቀረብኝ። ጠጠር የሆነ ኖራ የሚሠራው በብዙ ዓመት ነው፤ ደቃቁ ግን በወራት ውስጥ ይጀምራል።

ኖራ ወደ ወሎ ሲመጣ የሚያስወድደው ጭነቱ ነው። በክልሉ ከሚታወቁት የኖራ መፍጫዎች አንዱ ያለው ደጀን ነው፤ ከዚያ እስከ ደጋችን ረዥም መንገድ ነው። ስለዚህ ብቻችሁን አትግዙ። አንድ አይሱዙ 50 ኩንታል ቢጭን በላይኛው ሒሳብ ከስድስት ጥማድ ትንሽ ይበልጣል። ስድስት ጎረቤት ናሙናውን አብሮ ልኮ፣ ኖራውን አብሮ ቢያስጭን ለየራስ የሚደርሰው ኪራይ ይቀንሳል። በኅብረት ሥራ ማኅበራችሁ በኩል ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይቀላል።

ስድስተኛ፦ አበታተን

ኖራ የሚሠራው እርጥበት ሲያገኝ ነው። ደረቅ አፈር ላይ ዝም ብሎ ይተኛል። ለክረምት ሰብል ከዘር በፊት ከአንድ እስከ ሁለት ወር ቢቀድም ጥሩ ነው። በልግ ለማይዘራበት ማሳ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ያለው ካፊያ የተመቸ ነው። አንድ እርሻ ታርሶ፣ ኖራ ተበትኖ፣ ከዚያ ደግሞ ሁለት ጊዜ ይታረሳል።

በልግ የሚዘራበት ደጋ ላይ ነገሩ ይከብዳል። ማሳው ባዶ የሚሆንበት ጊዜ አጭር ነው። እዚያ የምመክረው ማሳውን ከፋፍሎ በየዓመቱ አንዱን ክፍል ለአንድ በልግ ማሳረፍና ማከም ነው። ሁሉን በአንድ ዓመት ለማድረስ ብሎ የቤተሰቡን የበልግ እህል ማሳጣት ልክ አይደለም።

አሁን ጥማዱን በገመድ ለኩት። 50 ሜትር በ50 ሜትር ከሆነ፣ 10 በ10 የሆኑ 25 መደቦች ይወጡታል። 750 ኪሎ ለ25 ሲካፈል ለአንድ መደብ 30 ኪሎ ይደርሳል። ጥጉን በችካል ወይም በድንጋይ ምልክት አድርጉ። አንድ ባልዲ ኖራ ሚዛን ላይ አውጥታችሁ ስንት ኪሎ እንደሚይዝ እወቁ፤ ከዚያ በባልዲ መቁጠር ነው።

30ውን ኪሎ በአንዴ አትበትኑት። 15ቱን ከላይ ወደ ታች እየሄዳችሁ፣ 15ቱን ከግራ ወደ ቀኝ እያቋረጣችሁ በትኑ። አንዱ ጊዜ የዘለላችሁትን ሌላው ይሸፍነዋል። ዘር መዝራት የሚችል እጅ ይህን ያውቀዋል። ለዚህ ሥራ ጅጌ ጥሩ ነው፤ አንዱ ይለካል፣ አንዱ ያቀብላል፣ ሁለቱ ይበትናሉ። የአንድ ጥማድ ሥራ ሳይረፍድ ያልቃል።

ሳይረፍድ ያልኩት በምክንያት ነው። የደጋችን ነፋስ ረፋዱ ላይ ይነሳል። ማለዳ ካልተበተነ ኖራው የጎረቤት ማሳ ላይ ያርፋል፤ ዓይንና ሳንባም ይጎዳል። አፍና አፍንጫችሁን በሻሽ ሸፍኑ። ሕፃናት አይጠጉ። ዓይን ውስጥ ከገባ በብዙ ንጹሕ ውሃ እጠቡ እንጂ አትሹት።

እንደተበተነ በዚያው ዕለት እረሱበት። ላዩ ላይ የቀረ ኖራ ጎርፍ ይወስደዋል።

አንዱን መደብ ግን እንዳትነኩት። 10 በ10 የሆነች አንዲት ቦታ ያለ ኖራ ትቅር። ሌላው ሁሉ እኩል ይሁንላት፤ ዘሩም፣ ማዳበሪያውም፣ አረሙም። «ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ስለሆነ ነው» ለሚል ሰው መልሱ እሷው ናት።

ሰባተኛ፦ ኖራ ማዳበሪያ አይደለም

ይህን ደጋግሜ እላለሁ። ኖራ የተበተነበት ማሳ ማዳበሪያ ካላገኘ የሚጠብቁትን ምርት አይሰጥም። ኖራው የሚሠራው የታሰረውን መፍታትና ሥሩን ማዳን ነው፤ ምግቡን ግን ሌላ ይሰጠዋል።

ሁለቱን ግን በአንድ ላይ አትበትኑ። ኖራ ዩሪያን፣ ኤንፒኤስን ወይም ትኩስ ፍግን ሲነካ ናይትሮጂኑ አሞኒያ ሆኖ ወደ አየር ይወጣል። ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። የሳምንታት ልዩነት ይኑራቸው። ፎስፈረስ ያለበትን ማዳበሪያ በመስመር፣ ከዘሩ ጎን አድርጉ። ተበትኖ ከብዙ አፈር ጋር ከተነካካ አፈሩ መልሶ ያስረዋል።

ባቄላ ልትዘሩ ከሆነ ሪዞቢየም የተባለውን ሕያው ማዳበሪያ ጠይቁ። ባቄላ ለዓመታት ባልተዘራበት ማሳ ትክክለኛው ባክቴሪያ አፈሩ ውስጥ ላይኖር ይችላል። ዘሩን ጥላ ሥር አሹትና ወዲያው ዝሩት፤ ፀሐይ ይገድለዋል። ከኖራ ዱቄትና ከማዳበሪያ ጋርም አንድ ዕቃ ውስጥ አይግባ።

ኖራው ካልተገኘስ?

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው ያለው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

መጀመሪያ የሚቻለውን ያህል አድርጉ። ከሚያስፈልገው ኖራ ሩቡን ገዝቶ በየዓመቱ በመስመር፣ ዘር የሚወርድበት ቦይ ላይ ከአፈር ጋር እያዋሐዱ መስጠት ይቻላል። ማሳው በሙሉ አይታከምም፤ ሥሩ የሚጀምርበት ቦታ ግን ይድናል። ማዳበሪያው ከኖራው ጋር እንዳይነካካ በመሃላቸው አፈር ይኑር።

አመድ አለ። አመድ አሲድ ይገድላል፤ ፖታሲየምም አለው። ግን ከኖራ ይደክማል፤ ቢያንስ እጥፉ ያስፈልጋል። የኩበት አመድ ደግሞ አፈር ስለሚቀላቀልበት ከእንጨት አመድ ያንሳል። ለጥማድ አይበቃም፤ ለጓሮ ግን ይበቃል። 4 በ5 ሜትር የሆነ የጎመንና የነጭ ሽንኩርት መደብ በላይኛው ሒሳብ 6 ኪሎ ኖራ ቢፈልግ፣ 12 ኪሎ አመድ ገደማ ስጡት። ቁልፉ አመዱን ዝናብ እንዳይነካው ማስቀመጥ ነው። ደጅ ተደፍቶ ክረምት የዘነመበት አመድ ጥሩ ጥሩው ታጥቦ ሄዷል። ክዳን ያለው በርሜል ወይም ጣራ ሥር ያለ ጉድጓድ ይበቃል። ፕላስቲክና ባትሪ የተቃጠለበት አመድ ወደ ማሳ አይግባ።

ኮምፖስት ከሁሉ የሚበልጥ የረዥም ጊዜ መድኃኒት ነው። ብስባሹ አልሙኒየሙን ይዞ ሥሩን ከመመረዝ ያድናል። ኖራ ከኮምፖስት ጋር ሲሆን ከየብቻቸው የበለጠ ይሠራሉ። እበቱ ሁሉ ኩበት ከሚሆን፣ ቢያንስ የበረቱ ጥራጊና ሽንት የጠጣው ገለባ ወደ ጉድጓዱ ይሂድ። ይህ ለማገዶም አይሆንም፤ ለኮምፖስት ግን ወርቅ ነው። ቆጣቢ ምድጃ ያለው ቤት ደግሞ የሚተርፈው እበት ይበዛል።

ሰብልም ይመረጣል። ገብስና ባቄላ አሲድ አይችሉም። ስንዴ መሃል ላይ ነው፤ እንደ ዝርያው ይለያያል። ጤፍ የተሻለ ይታገሣል። አጃ፣ ትሪቲካሌና ድንች ይችሉታል። ድንች ላይ ጥንቃቄ አለ፤ ኖራ በተበተነበት ዓመት ድንቹ ላይ እከክ ሊበዛበት ስለሚችል በዚያ ዓመት ሌላ ዝሩ። የትኛው ዝርያ ለየትኛው ደጋ እንደሚሆን የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል የሚሠራበት ነገር ነውና በልማት ሠራተኛችሁ በኩል አስጠይቁ። አሲድ የሚችል ሰብል ጊዜ ይሰጣል እንጂ አፈሩን አያክመውም። አጃ ላይ አርፎ መቀመጥ ችግሩን ለልጅ ማውረስ ነው።

የታከመውን መጠበቅ

ደህናው አፈር የላይኛው ነው። ከዚያ በታች ያለው ብዙ ጊዜ ይበልጥ አሲዳማ ነው። ጎርፍ ላዩን ሲጠርግ ኖራውንም ይዞ ይሄዳል፤ ማረሻው ደግሞ የታችኛውን ያወጣዋል። ስለዚህ እርከን ለሌለው ተዳፋት ኖራ መግዛት በቀዳዳ እንስራ ውሃ መቅዳት ነው። ወሎ ለእርከን አዲስ አይደለም። በአልቡኮው ማይባር እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ተራራው የሚያጣው አፈር ሲለካ ቆይቷል። አያቶቻችን የሠሩት እርከን ብዙ ቦታ ዛሬም አለ። የፈረሰውን ጠግኑ፤ ጠርዙ ላይ ለመኖ የሚሆን ሳር ወይም ትሪሉሰርን ትከሉ። ከብቱ ከዚያ ሲበላ ከማሳው ገለባ ትንሽ መተው ይቻላል።

ስታጭዱ ከፍ አድርጋችሁ እጨዱ። የቀረው ገለባ መሬት ውስጥ ይታረስ። ገብስ ከገብስ ላይ አትደጋግሙ፤ ባቄላው ሲመለስ በፈረቃ አስገቡት። ዩሪያውንም በልክና በሁለት ጊዜ ከፍላችሁ ስጡ። ሥር ያልወሰደው ናይትሮጂን ሲታጠብ ካልሲየሙን ይዞ ይወርዳል።

በትክክል የተበተነ ኖራ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል። በሦስተኛው ዓመት ታህሳስ ላይ ከዚያው ማሳ፣ በዚያው መንገድ ናሙና ውሰዱ። የድሮውን ወረቀት አትጣሉ፤ ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቡ። ፒኤቹ ከ5.5 በላይ ካለ ኖራ አትግዙ፤ ኮምፖስቱን ቀጥሉ። ከዚያ ከወረደ ሒሳቡን በአዲሱ ቁጥር እንደገና ሥሩ። የመጀመሪያውን ያህል ላያስፈልግ ይችላል።

ከዚያ በፊት ግን የመጀመሪያው መስከረም ይመጣል። ከታከመው መደብ አምስት እግር ባቄላ፣ ካልታከመችው ከዚያች አንዲት መደብ ደግሞ አምስት እግር በዶማ አንሱ። ጎረቤቶቻችሁን ጥሩ። ሁለቱንም ባልዲ ውስጥ አጥባችሁ ነጭ ማዳበሪያ ከረጢት ላይ ጎን ለጎን አስተኟቸው። እብጠቱንም ራሳቸው በጥፍራቸው ይሰንጥቁት።